ስዊቹ ሲታደስ ሰርቨሩን ማን ይጠብቀው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በየመሥሪያ ቤቱ በርና በጋዜጣ የማስታወቂያ ገጾች «በሲስተም ማሻሻያ ምክንያት አገልግሎት ለጊዜው ይቋረጣል» የሚል ጽሑፍ ማንበብ ለምደናል። ከእነዚህ ማሻሻያዎች አንዱ ዓይነት የኔትወርክ ስዊች (ሰርቨሮችንና ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘውን መሣሪያ) መቀየር ወይም የስዊቹን ሶፍትዌር ማሳደግ ነው። ለሩብ ሰዓት የታቀደው ሥራ እስከ ረፋድ ሲጓተት ተገልጋዩ የሚሰማው «ሲስተም የለም» የምትለዋን ብቻ ነው፤ ምን እንደተበላሸ የሚነግረው የለም። እኛ አንዳችን ስዊቾችን፣ አንዳችን ሰርቨሮችን የምናስተዳድር ባለሙያዎች ነን። አንድ ነገር ለማለት ነው የጻፍነው፦ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሱት ስዊቹ የጠፋባቸው ደቂቃዎች አይደሉም። ጉዳቱ የሚመጣው በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ቨርቹዋል ሰርቨሮቹን (በአንድ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩትን ሰርቨሮች) የሚጠብቀው አውቶማቲክ ሥርዓት «ማሽን ሞቷል» ብሎ ከሚወስደው እርምጃ ነው። ስዊቹን ከመንካት በፊት መጀመሪያ ያንን ጠባቂ ማሳረፍ ይገባል።

ለዚህ ባለቤቱ ራሱ በይፋ የዘገበው ምሳሌ አለ። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ ታኅሣሥ 13 ቀን 2005 ዓ.ም. የስዊቾቹን ሶፍትዌር ሊያሻሽል ገባ። ስዊቾቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሠሩ ነበሩ። ከጥንዱ የአንደኛው የቁጥጥር ፕሮግራም ሲቆም፣ ሁለተኛው ስዊች የጓደኛውን ድምፅ አጣ፤ በመካከላቸው ያለው ኬብል ግን አሁንም «በርቻለሁ» ይላል። ሞተ እንዳይል ኬብሉ በርቷል፣ አለ እንዳይል አይመልስም። ስለዚህ ለብቻው እንደሚሠራ ስዊች መሆን ጀመረ፤ የተጣመሩት መስመሮች በሙሉ እንደ አዲስ መደራደር ነበረባቸውና ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ትራፊክ ታገደ። የፋይል ሰርቨሮቹም ዋናና ተጠባባቂ ሆነው የተጣመሩ ነበሩ። ሁለቱም የጓደኛቸውን ድምፅ ሲያጡ እያንዳንዱ ሌላውን «ሞቷል» ብሎ ኃይሉን እንዲቆርጡት አዘዘ። በአንዳንዶቹ ጥንዶች ሁለቱም ጠፉ። ኔትወርኩ በ90 ሰከንድ ተመለሰ፤ ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ እያጣሩ መመለስ ግን ከ5 ሰዓት በላይ ወሰደ። ያው ድርጅት ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የኦፕቲክስ ዕቃ ሲቀይር ለ43 ሰከንድ ብቻ መስመር ተቋረጠ፤ ዳታቤዞቹ በራሳቸው ዋናውን ቦታ ቀያየሩና አገልግሎቱ ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተጓደለ።

እኛ ዘንድ ያሉት ቨርቹዋል ክላስተሮች፣ ማለትም ቨርቹዋል ሰርቨሮችን ተጋግዘው የሚያሠሩ የማሽን ቡድኖች፣ ከዚህ ጠባይ አይለዩም። እያንዳንዱ ሥርዓት የራሱ የትዕግሥት ልክ አለው፤ ልኩን ሳያውቁ ስዊች ማስነሳት ዕድልን መሞከር ነው።

በቪኤምዌር ቪስፌር ሆስቶቹ፣ ማለትም ቨርቹዋል ሰርቨሮቹን (ቪኤሞቹን) የተሸከሙት ማሽኖች፣ በኤችኤ (ማሽን ሲሞት ቪኤሞቹን ሌላ ላይ በሚያስነሣው ጠባቂ) አማካይነት በየሰከንዱ ይጠራራሉ። አንድ ሆስት ከሌሎቹ ምንም ካልሰማ የተሰጠውን መፈተኛ አድራሻ ፒንግ ያደርጋል («አለህ?» ብሎ ይጠይቃል)፤ ሌላ ካልተመደበለት ይህ አድራሻ የማኔጅመንት ኔትወርኩ ጌትዌይ (መውጫ በር) ነው። እሱም ካልመለሰለት በ30 ሰከንድ ገደማ ራሱን «ተነጥያለሁ» ብሎ ይፈርጃል፣ ሌላ 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶም የታዘዘውን ይፈጽማል። የታዘዘው «ቪኤሞቹን አጥፍተህ ሌላ ቦታ ይነሱ» ከሆነ ምንም ያልነካቸው ቪኤሞች ይጠፋሉ። ጌትዌዩ የሚታደሰው ስዊች ላይ ከሆነ መፈተኛውም አብሮ መጥፋቱ ነው። ስቶሬጁም (የዲስኩ ማከማቻ) በዚያው ስዊች የሚያልፍ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ሆስቱ ዲስኩንም ስለሚያጣ እርምጃውን የሚያግደው ነገር አይኖርም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሥራው በፊት በክላስተሩ የኤችኤ ቅንብር ውስጥ «ሆስት ሞኒተሪንግ» የሚለውን ማጥፋት። ኤችኤን ከነጭራሹ ማንሳት አያስፈልግም። ቪኤሞችን እንደ ጫናው የሚያዛውረውን ዲአርኤስንም ወደ ማንዋል መመለስ ይበጃል፤ መሀል ሥራ ላይ ቪኤም ከሆስት ሆስት እንዳይዘዋወር። በቋሚነት ደግሞ በሌላ ስዊች የሚገኝ ሁለተኛ መፈተኛ አድራሻ መጨመር ነው።

በማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ ክላስተር የመጠራሪያው ትዕግሥት በዊንዶውስ ሰርቨር 2016 10 ሰከንድ፣ በ2019 ደግሞ 20 ሰከንድ ነው። ከ2016 ወዲህ ግን ተጨማሪ ይቅርታ አለ፤ የተለየ ኖድ (የክላስተሩ አባል ማሽን) ለ4 ደቂቃ «ተነጥሏል» ተብሎ ይታለፋል፣ ቪኤሞቹም «ክትትል የሌላቸው» ተብለው ወደ ሌላ ኖድ አይዛወሩም። አንድ ትልቅ ስዊች ተነሥቶ፣ ፈርምዌሩን አሳድጎ፣ ፖርቶቹን እስኪከፍት ከ4 ደቂቃ ሊበልጥ ስለሚችል ይህን ልክ አስቀድሞ ከፍ ማድረግ ወይም ኖዱን ባዶ አድርጎ ፖዝ ማድረግ ይገባል። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ሌላው ነገር ኳራንቲን ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ከክላስተሩ ወጥቶ የተመለሰ ኖድ ለ2 ሰዓት ተገልሎ ይቀመጣል። ስዊቹ ሁለቴ ሦስቴ ብልጭ ድርግም ካለ ጤነኛው ሰርቨር «አልገባም» ሲል ሰዎች ኬብል መንቀል ይጀምራሉ። ኬብሉ ደህና ነው፤ ኖዱን የኳራንቲን ማንሻ ትዕዛዝ ጨምሮ ማስነሳት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከሁሉ ጨካኙ ፕሮክስሞክስ ነው። እዚህ ኖዶቹ ምልዓተ ጉባኤ (ከግማሽ በላይ ድምፅ) ካልሞላላቸው፣ ኤችኤ የሚጠብቃቸው ቪኤሞች ያሉበት ኖድ ሁሉ በ60 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ሪቡት ያደርጋል። አንድ ኖድ ቢለይ ይህ ትክክለኛ ጥበቃ ነው። ኖዶቹ የሚጠራሩበት ብቸኛ ስዊች ሲጠፋ ግን ማንም ምልዓተ ጉባኤ የለውም፤ ስለዚህ ክላስተሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፣ በውስጡ የሚሠሩት ዳታቤዞችም ሳይዘጋጁ። ከሥራው በፊት በሁሉም ኖዶች ላይ መጀመሪያ ኤልአርኤም የሚባለውን የኤችኤ አገልግሎት (የየኖዱን ጠባቂ)፣ እሱ በሁሉም ላይ መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ ሲአርኤምን (የክላስተሩን አዛዥ) ማቆም ያስፈልጋል። ቪኤሞቹ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚያርፈው ጠባቂው ብቻ ነው። ለዘለቄታው ግን ኖዶቹ ለሚጠራሩበት ኮሮሲንክ በሌላ ስዊች የሚያልፍ ሁለተኛ መስመር መዘርጋት ነው። ባለ 1 ጊጋቢት ርካሽ ስዊች ይበቃዋል፤ ከኮሮሲንክ የሚፈለገው ፍጥነት ሳይሆን አለመዘግየት ነው።

በቪኤሞቹ ውስጥ ያሉ ክላስተሮችም አይረሱ። የኦራክል ራክ (የዳታቤዝ ክላስተር) ኖዶች በውስጥ መስመራቸው ለ30 ሰከንድ ካልተሰማሙ አንዱ ይባረራል። የኤስኪውኤል ሰርቨር ኦልዌይስ ኦን ጥንዶች የ10 ሰከንድ ዝምታ ይበቃቸዋል፣ ግንኙነቱን ለመቁረጥ። ሰርቨር ክፍሉ የሃይፐርቫይዘሩን (ቪኤሞቹን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ጠባቂ አሳርፎ የዳታቤዝ ክፍሉን ካልነገረ ሥራው ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ስዊቹ እንምጣ። በጣም የሚደጋገመው ስሕተት ስታክን እንደ ሁለት ስዊች መቁጠር ነው። ሁለት ስዊቾች በስታክ ኬብል ሲያያዙ በአንድ አንጎል የሚሠሩ አንድ ስዊች ይሆናሉ። የሆስቱን አንድ ኬብል ከላይኛው፣ ሌላውን ከታችኛው ጋር ማገናኘት አንዱ ሲቃጠል ያድናል፤ ሶፍትዌር ሲያድግ ግን በተለመደው አሠራር ሁለቱም አብረው ይነሣሉ። በዕቅዱ ላይ «ሪደንዳንት ነው፣ አይቋረጥም» ተብሎ የተጻፈው እዚህ ላይ ይፈርሳል። እንደ ቪፒሲ ወይም ኤምላግ ባሉት፣ ሁለት ስዊቾችን በሚያጣምሩ አሠራሮች እያንዳንዱ ስዊች የራሱ አንጎል ስላለው አንድ በአንድ ማደስ ይቻላል። የጊትሃብን ታሪክ ያስታወሰ ግን ይህንንም በጭፍን አያምንም። ለዳታ ሴንተር አዲስ ስዊች የሚገዛ መሥሪያ ቤት ለሰርቨሮቹ ከስታክ ይልቅ የተለያዩ ሁለት ስዊቾችን ቢመርጥ እንመክራለን፤ አስተዳደሩ ትንሽ ይከብዳል፣ የማደሻው ሌሊት ግን ይቀላል።

ሁለት ኬብል አለ ማለትም ሁለት መንገድ አለ ማለት አይደለም። የሰርቨር መደርደሪያው (ራኩ) ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሊዋሽ ይችላል፤ ሲዲፒ ወይም ኤልኤልዲፒ (መሣሪያዎች ለጎረቤታቸው ማንነታቸውን የሚናገሩበት ፕሮቶኮል) ግን እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከየትኛው ስዊች ከየትኛው ፖርት ጋር እንደተያያዘ ከራሱ ከመስመሩ ይናገራል። ከሥራው ሳምንት በፊት ይህን በሠንጠረዥ አውጥቶ፣ በአንድ ቀላል ሆስት ላይ አንዱን ፖርት ከስዊቹ በኩል ዘግቶ መሞከር ነው። ቪኤሞቹ ቀጠሉ? የስቶሬጁ መንገዶች ከ4 ወደ 2 ወረዱና ቆሙ ወይስ ሁሉም ጠፉ? ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጉድለት ሁለተኛው ፖርት ላይ ያልተፈቀደ አንድ ቪላን (በስዊቹ ውስጥ ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ) ነው። ቪላኑ የሚያገለግለው አንድ የተረሳ ሰርቨር ነው፣ ያ ሰርቨር ደግሞ የደመወዝ ወይም የሰዓት መቆጣጠሪያ ሆኖ ይገኛል።

ስቶሬጅ በኔትወርክ ለሚመጣላቸው፣ ማለትም አይስካዚ ወይም ኤንኤፍኤስ ለሚጠቀሙ፣ ስዊቹ የዲስኩ ኬብል ነው። ሁለቱም መንገድ በአንድ ጊዜ የሚቋረጥ ከሆነ ቪኤሞቹን በሥርዓት ከማጥፋት ሌላ አማራጭ መፈለግ አያዋጣም። ዊንዶውስ ለዲስኩ 60 ሰከንድ ይታገሣል። ሊኑክስ በተፈጥሮው 30 ሰከንድ ነው የሚታገሠው፤ የቪኤምዌር ቱልስ ከተጫነበት ወደ 180 ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ብዙ የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች ዳታ እንዳይበላሽ ራሳቸውን ለንባብ ብቻ ያደርጋሉ። ይህ አታላይ ብልሽት ነው፦ ሰርቨሩ ፒንግ ይመልሳል፣ የመግቢያው ገጽ ይከፈታል፣ የክትትል ሰሌዳው አረንጓዴ ነው፤ አንድ ደረሰኝ ለማስቀመጥ ሲሞከር ግን እንቢ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ሁሉ ደህና መስሎ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል መስኮቱ ሲከፈት ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ፍተሻው ፒንግ ላይ አይብቃ፤ በእያንዳንዱ አስፈላጊ ሰርቨር ላይ አንድ ትንሽ ፋይል ጽፎ ማጥፋት ይጨመርበት።

የማጥፋቱ ቅደም ተከተል አፕሊኬሽን፣ ዳታቤዝ፣ በመጨረሻ ዶሜይን ኮንትሮለር (የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚቆጣጠረው) እና ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው) ነው፤ የማስነሣቱ ግልባጩ። ዲኤንኤስ ሲጠፋ ስሞች ስለማይሠሩ የሆስቶቹ፣ የስቶሬጁና የስዊቾቹ አይፒ አድራሻ በወረቀት ታትሞ እጅ ላይ ይኑር። ሆስቶቹን የሚያስተዳድረው ቪሴንተር በየትኛው ሆስት ላይ እንዳለ አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል። ዲስትሪቢዩትድ ስዊች (በቪሴንተሩ የሚተዳደር የሶፍትዌር ስዊች) ለሚጠቀሙ ደግሞ አንድ «ኢፌመራል» ፖርት ግሩፕ አዘጋጅቶ ማቆየት ነው፤ ቪሴንተሩ ጠፍቶ እያለ ቪኤምን ከሌላው ዓይነት ፖርት ግሩፕ ጋር እንደ አዲስ ማገናኘት ስለማይቻል ራሱን ቪሴንተሩን ለማዳን ሌላ በር አይኖርም። የሰርቨሮቹ የርቀት መቆጣጠሪያ (አይሎ ወይም አይድራክ) ፖርት በሚታደሰው ስዊች ላይ ከተሰካም የርቀት መግቢያው አብሮ ይዘጋል። የኮንሶል ኬብል ይዞ ራኩ አጠገብ የሚቆም ሰው የግድ ነው።

ስዊቹ ሲጠፋ ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ተመልሶ ሲነሣ ነው ቸልተኝነቱ። የፖርቱ መብራት መብራት ማለት ስዊቹ ትራፊክ ማስተላለፍ ጀመረ ማለት አይደለም። በነባሩ ስፓኒንግ ትሪ (ትራፊክ በዙር እንዳይሽከረከር የሚከለክለው አሠራር) ፖርቱ 15 ሰከንድ ሲያዳምጥ፣ 15 ሰከንድ ሲማር ይቆያል። ሆስቱ ግን መብራቱን እንዳየ «ዋናው መስመሬ ተመለሰ» ብሎ ቪኤሞቹን ወደዚያ ያዞራቸዋል፤ ፓኬቱ ወጥቶ የትም አይደርስም። ስለዚህ ወደ ሆስቶች የሚሄዱት የትራንክ ፖርቶች (ብዙ ቪላን የሚያሳልፉት) ላይ ለትራንክ የሚሆነውን ፖርትፋስት (ያንን ጥበቃ የሚያስቀረውን ቅንብር) ማድረግ፣ በሃይፐርቫይዘሩ በኩል ደግሞ ለሥራው ጊዜ «ፌይልባክ» (ወደ ዋናው መስመር በራስ መመለስ) የሚለውን «ኖ» ማድረግ ነው። ስዊቹ በሁለት እግሩ መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ ሰው በእጁ ይመልሳቸው።

ከዚያ ሁለተኛውን ስዊች ከመንካት በፊት ቢያንስ ሩብ ሰዓት ቆሞ ማየት። የሚታየው ይህ ነው፦ ሁሉም የስቶሬጅ መንገዶች ተመልሰዋል ወይ? ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) 9000 የነበረበት መስመር አሁንም ነው ወይ? ይህን ለማወቅ ከኢኤስኤክስአይ (የቪኤምዌር) ሆስት 8972 ባይት ያለው፣ እንዳይቆራረጥ የተከለከለ ፒንግ ወደ ስቶሬጁ መላክ ነው፤ ከ9000 ላይ 28ቱ ለራስጌው የሚቀነስ ነው። ትንሹ ፒንግ አልፎ ትልቁ ካላለፈ ስዊቹ ጃምቦ ፍሬሙን (ትልቁን ፓኬት) ረስቷል ማለት ነው፤ ስቶሬጁ የተገናኘ መስሎ ዲስክ መጻፍ ሲጀምር ይንጠለጠላል። ሌላው የሚያጋጥም ነገር ኤስኤፍፒ (ፖርቱ ላይ የሚሰካው የኬብል ማገናኛ) ነው። ከስዊቹ አምራች ያልተገዛ ኤስኤፍፒ በአሮጌው ሶፍትዌር ሠርቶ በአዲሱ ፖርቱ ሊዘጋበት ይችላል፤ ከአምራቹ የሆኑ ሁለት መጠባበቂያ ይዞ መገኘት ነው።

ስዊቹን ሪቡት ከማድረግ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ኮንፊግ (ቅንብር) ከተቀመጠው ጋር ማነጻጸር የግድ ነው። ከወራት በፊት ተጨምሮ ያልተቀመጠ ቪላን በሪቡት ይጠፋል፣ ጥፋቱም በአዲሱ ሶፍትዌር ይሳበባል። የሲስኮ አይኦኤስ ኤክስኢ ስዊች ላይ አዲሱን ሶፍትዌር ካስጀመሩ በኋላ «ኮሚት» ሳያደርጉ (ሳያጸድቁት) ወደ ቤት መሄድም አለ፤ ካልተቀየረ በ120 ደቂቃው ስዊቹ ራሱን መልሶ ያስነሣና ወደ አሮጌው ይመለሳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተጠናቀቀ ሥራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካው ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ይሁን።

ስለ ሰዓት ካነሣን፦ እኛ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት» የምንለውን ስዊቹ የሚያውቀው 01:00 ብሎ ነው። በቀጠሮ እንዲነሣ 07:00 ብሎ ያዘዘ ሰው ሥራውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አደረገው ማለት ነው። የሰዓት ቀጠናው ያልተስተካከለ ስዊች ደግሞ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። የሥራ ትዕዛዙ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ። ባንክ ከሆነ ደግሞ የቀኑን ሒሳብ የሚዘጋው ሥራ በሌሊት ስለሚካሄድ «ሌሊት ሰው የለም» የሚለው ስሌት አይሠራም፤ ሰው ባይኖርም በዳታቤዙ ላይ ከባዱ ሥራ ያኔ ነው። የባክአፕ ሥራዎችም በዚያው ሰዓት ይነሣሉ። ባክአፕ መሀል ላይ ሲቋረጥ ሳይሰረዝ የቀረ ስናፕሾት (የቪኤሙ የአንድ ቅጽበት ቅጂ) ጥሎ ይሄዳል፣ ስናፕሾቱም እያበጠ ስቶሬጁን ይሞላል። ስለዚህ ባክአፑ ከሥራው በፊት ይጠናቀቅ፣ በሥራው ጊዜ ይቁም። ለስዊች ማሻሻያ ብሎ የሁሉንም ቪኤም ስናፕሾት ማንሣት ግን ትርጉም የለውም፤ በቪኤሙ ውስጥ የሚቀየር ነገር የለም።

በመጨረሻ ለግዥ ክፍሎችና ለኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለን። የስዊች ጨረታ ሰነዶች ስለ ፖርት ብዛትና ፍጥነት በደንብ ይዘረዝራሉ፤ ስለ ተከላው ሌሊት ግን «አሸናፊው ይተክላል» ከማለት አያልፉም። አሸናፊው ስዊች እንጂ ሰርቨር አያውቅም። ሰነዱ ላይ ሦስት ግዴታዎች ይጨመሩ፦ የሆስቶቹና የስቶሬጁ ኬብል ሠንጠረዥ ከሥራው በፊት በሁለቱም ወገን እንዲፈረም፤ ወደ ቀድሞው መመለሻ ሰዓት በቁጥር እንዲቀመጥ፤ ርክክቡም ጠባቂዎቹ ተመልሰው ከበሩ በኋላ ብቻ እንዲሆን። ሆስት ሞኒተሪንግ፣ ዲአርኤስ፣ የፕሮክስሞክሱ ኤልአርኤምና ሲአርኤም፣ የባክአፑ ቀጠሮ፣ እያንዳንዳቸው መመለሳቸው በስማቸው ተጠርቶ ይፈረምባቸው። ሳይመለስ የቀረ ጠባቂ ቀይ መብራት አያበራምና ሆስት እስኪሞት ድረስ ማንም አያስተውለውም።

ከአንድ የኔትወርክና ከአንድ የሲስተም አስተዳዳሪ
አዲስ አበባ